ከሌላው ትይዛለች፣ ከእኔ ትጥላለች

ልደታ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ህሩይ
ድሬዳዋ

አሥራ ሁለት ጊዜ ደውዬ አንዴም ስላላነሱልኝ ሰላምታዬን ፖስታ ውስጥ አሽጌ ልኬአለሁ። እንደምን ከረሙ? ሙቀቱስ? ጡረታ ተስማማዎት? እኔን ከጠየቁኝ ጤና አለኝ፤ ከጤና ሌላ ግን ምንም የለኝም፤ ቆሽቴ አሯል።

«ስልክ አልወድም፣ ጉዳይ ካላት ትጻፍ፤ አሁን ደግሞ ምን ላይ ናት?» ብለው በአውቶቡስ ሹፌሩ በደገፋ የላኩት ቃል ደርሶኛል። በ2017 ዓ.ም. ደብዳቤ! ሜክሲኮ አንዱ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገብቼ ፖስታ ስል ሻጭዋ «የሠርግ ነው?» አለችኝ። ይሁን፤ አሰልጣኜ ነበሩና አሁንም እታዘዝዎታለሁ።

ምን ላይ እንዳለሁ ልንገርዎት፤ እንዳይስቁ ብቻ። ልደታ ውስጥ የአሜሪካ ፉትቦል አሰለጥናለሁ። ያ የራስ ቁር ደፍተው እንደ ኮርማ የሚዋጉበት ዓይነት አይደለም። የእኛ መገፋፋት የለበትም፤ እያንዳንዷ ልጅ ወገቧ ላይ በቀበቶ ሁለት ጨርቅ ታንጠለጥላለች፣ ኳስ የያዘችውን ማስቆም የሚቻለው ጨርቋን በመንጠቅ ነው። አምስት ለአምስት ነው። ኳሱ በእጅ ይወረወራል፣ በእጅ ይያዛል። እኔም «እጅ ኳስ ከጋሽ ህሩይ ተምሬ ይሄ ያቅተኛል?» ብዬ ዘው አልኩበት። አቃተኝ።

ኳሱ ሁለት ጫፉ ሹል ነው። መሬት ከነካ ወዴት እንደሚነጥር ራሱም አያውቅም። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለውን ሜዳ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከሰዓት ሰጥተውናል። የሰፈሩ ወንዶች ሜዳው የእግር ኳስ ነው ብለው ስለሚያስቡ ከዳር ተደርድረው «ፓፓያው ወደቀ! ፓፓያው ወደቀ!» እያሉ ይጮሃሉ። ልብስ የምታሰጣ ሴት ሁሉ ከየበረንዳዋ አሰልጣኝ ሆናለች።

የሚያሳርረኝ ግን ይሄ ሁሉ አይደለም፤ አንዲት ልጅ ናት። አሚራ ትባላለች፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አባቷ አቶ በከር ሰንጋ ተራ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው። ሩጫዋን ቢያዩ! ከአሥራ አራቱ ልጆች አንዷም እስከ ዛሬ ጨርቋን ነጥቃት አታውቅም። ኳስ ግን አትይዝም። እወረውርላታለሁ፣ እጇን በደንብ ትዘረጋለች፣ ኳሱ እጇን ነክቶ ዱብ! መጋቢት 26 ቀን ከስፖርት ቢሮ መጥተው ይፈትኑና ለናይሮቢው ውድድር አሥር ልጆች ይመርጣሉ። አባትየው «ከአሥሩ ውስጥ ስሟ ካለ ትሂድ፣ እፈቅዳለሁ። ተጠባባቂ እያሉ ሊያንከራትቷት ከሆነ ግን ትምህርቷን ትማር» ብለዋል። እኔ ደግሞ ምላሴን ይቁረጠውና «አይስጉ፣ የመጀመሪያዋ እሷ ናት» ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ልጅቷ ይህንን ሰምታ በየቀኑ ከሁሉም ቀድማ ትመጣለች። መጥታ ትጥላለች።

እርስዎ እጅ እንዴት ነበር የሚያስተምሩት? ብዙ ጊዜ የለኝም።

ልጅዎ ኬብሮን


ድሬዳዋ፣ ለገሀሬ
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኬብሮን

ደህና ነኝ። ስለ ጤናዬ ሌላ ጥያቄ አትጻፊ፤ ወረቀት ማባከን ነው።

ስልክ የማላነሳው ስለሚንኮሻኮሽብኝ ነው። ይህም ይበቃል።

የፓፓያ አሰልጣኝ በመሆንሽ አልሳቅሁም። ትንሽ ነው የሳቅሁት። አሁን ወደ ነገሩ። ሹል ኳስም ሆነ ክብ፣ እጅ እጅ ነው። ከደረት በላይ ለሚመጣ ኳስ ሁለቱ አውራ ጣቶችና ሁለቱ ጠቋሚዎች ይገናኙ፤ በመሃላቸው ትንሽ መስኮት ይሠራል። ልጅቷ ኳሱን በዚያ መስኮት አሻግራ ትየው። ከወገብ በታች ለሚመጣ ደግሞ ትንንሾቹ ጣቶች ይገናኙ። በጣት ትያዝ፤ በደረቷ ልቀፈው ካለች ይነጥርባታል። ከያዘች በኋላ ብብቷ ሥር እስክትሸጉጠው ድረስ ዓይኗ አይነሳ። ኳስ የሚያዘው መጀመሪያ በዓይን ነው። ይህን አንድ ሺህ ጊዜ ነግሬሻለሁ፤ አልሰማሽም ማለት ነው።

ሌላው፣ «አትይዝም» ብለሽ ጽፈሻል። ምን ማለት ነው አትይዝም? ስንት ተወርውሮላት ስንቱን ጣለች? ማን ወርውሮላት? ከቀኝ ነው ከግራ? ንዴትሽን ለእኔ አትላኪልኝ፤ የራሴ ይበቃኛል። ደብተር ያዢና ጻፊ።

ለልጅ አባት በማታውቂው ነገር ቃል መግባትሽ ስህተት ነው። ይህንንም አውቀሽዋል፤ አልደግመውም።

ህሩይ


ልደታ
መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ህሩይ፣

ስለ ጤናዎ አትጠይቂ ስላሉኝ አልጠይቅም። አመመዎት? አልጠየቅሁም።

ደብተሩን ያዝኩ። አራት ልምምድ ሙሉ ቆጠርኩ። ለአሚራ ጓደኞቿ ስድሳ ኳስ ወረወሩላት፤ የጣለችው አራት ነው። እኔ አርባ ወረወርኩላት፤ የጣለችው ሠላሳ አንድ። ከቀኝም ከግራም ያው ነው። መስኮት የሚሉትን አስተማርኳት፤ መስኮቷ ከሁሉም ልጆች መስኮት ያምራል። በዚያ በሚያምር መስኮት በኩል ኳሱ አልፎ ይሄዳል!

መጀመሪያ ጾሙን ጠረጠርኩ። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ስለገቡ ግማሾቹ ልጆች በአንዱ ግማሾቹ በሌላው ጾመኛ ናቸው፤ ከሰዓት ሜዳው ላይ ለመሮጥ ጉልበት ያለው ልጅ የለም። ግን እዚያው ቀን፣ እዚያው ጾም ላይ፣ ትርፌ የምትባለው ጓደኛዋ ስትወረውርላት ትቀልበዋለች። ቀጥሎ «የእኔ ጠንክሮ ይሆናል» ብዬ አለሳለስኩት። ለሕፃን እንደሚወረወር አድርጌ ወረወርኩላት። ጣለችው። ጠጋ ብዬ አምስት እርምጃ ላይ ቆሜ ወረወርኩላት። ጣለችው። ኧረ በእግዚአብሔር! ከሌላው ትይዛለች፣ ከእኔ ትጥላለች። ምን አድርጌያት ነው? ንቀት ነው? ጥላቻ ነው?

ቅዳሜ ዕለት ትዕግሥቴ አለቀ። በሁሉም ፊት «አንቺ ልጅ፣ እጅሽ ወንፊት ነው እንዴ?» አልኳት። ከዳር ያሉት ወንዶች ተቀበሉኝና «ወንፊት! ወንፊት!» ብለው ጮኹ። እሷ ሮጣ ኳሱን አነሳች፣ በሁለት እጇ አቀበለችኝና «ይቅርታ ቲቸር» አለችኝ። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር። የዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

ፈተናው ሊደርስ ሃያ ሦስት ቀን ቀርቶታል። እኔ እንደሆንኩ መፍትሔ የለኝም።

አንድ ነገር ደግሞ። የላኩልኝ ደብዳቤ የእርስዎ የእጅ ጽሑፍ አይደለም። የእርስዎን አውቀዋለሁ፤ «ህ»ን እንደ መንጠቆ ነው የሚጽፏት። ማን ነው የሚጽፍልዎት? ለምን?

ኬብሮን


ድሬዳዋ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኬብሮን

የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ዓብዱልሰላም ነው። ፋርማሲ አለው፤ ሐኪሞች የጻፉትን ማንበብ የቻለ ሰው የእኔን መጻፍ አያቅተውም ብዬ ነው። መነጽሬ ተሰብሯል። ደስ አለሽ?

ቁጥሩ ጥሩ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምረዳው ነገር ጻፍሽልኝ። ከስድሳ አራት፣ ከአርባ ሠላሳ አንድ። እንዲህ ከሆነ እጇ ጤነኛ ነው፣ ጾሙም አይደለም፣ ኳሱም አይደለም። የቀረሽው አንቺ ነሽ። አትቆጪ፤ አወራወርሽ ነው አላልኩም።

ለአንድ ቀን ኳሱን ተይው። ልጅቷ ከአንቺ እጅ ሌላ ነገር ስትቀበል እንዴት ነው የምትቀበለው? እስክሪብቶ፣ ወረቀት፣ ውኃ፣ የፈለግሽውን ስጪያትና ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ተመልከቻት። ያየሽውን ጻፊልኝ።

ወንፊት ያልሻትን ግን ከየት እንዳመጣሽው አስቢ።

ህሩይ

(ከጸሐፊው፦ እህቴ ኬብሮን፣ ሳላውቅሽ ሰላም ብዬሻለሁ። ጋሼ እጃቸው ሲሻላቸው ራሳቸው ይጽፉልሻል፣ አይዞሽ። ዓብዱልሰላም)


ልደታ
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ህሩይ፣

የትኛው እጅ? «እጃቸው ሲሻላቸው» ማለት ምን ማለት ነው? መነጽር በእጅ ነው እንዴ የሚደረገው? ይህንን ሳይመልሱ ሌላ ነገር እንዳይጽፉልኝ።

ያሉኝን አደረግሁ። የናይሮቢውን ፎርም ሰጠኋት። ቀኝ እጇን ዘረጋች፣ ግራዋን ከክርኗ ሥር ደገፍ አደረገች፣ ከጉልበቷ እጥፍ አለች፣ ዓይኗን ጫማዬ ላይ ጣለች። ፎርሙን ስትቀበል አንዴም ቀና አላለችም። ከዚያ ትርፌ ማስቲካ ሰጠቻት፤ በአንድ እጇ ከአየር ላይ ላፍ አደረገችው።

ወዲያው ኳስ አምጥቼ ወረወርኩላትና ለመጀመሪያ ጊዜ ኳሱን ትቼ እሷን አየሁ። ኳሱ ከእጄ ሲወጣ አንገቷ ይሰበራል። እጇ ትክክለኛው ቦታ ላይ ይመጣል፣ ዓይኗ ግን መሬት ላይ ነው። ከታላቅ እጅ እየተቀበለች ነዋ! እንዲህ አድርገው ነው ያሳደጓት። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ሰነፍ፣ ንቀተኛ፣ ወንፊት እያልኩ የማብጠለጥላት ልጅ የምትጥለው ስለምታከብረኝ ነው።

እዚህ ጋ ባቆም ጥሩ ነበር። አላቆምኩም። ገባኝ ብዬ ደስ ሲለኝ በሁሉም ፊት አቁሜያት «ዓይኔን እይ! ትኩር ብለሽ እይኝ! ዝቅ እንዳትይ!» እያልኩ ጮኽኩባት። አሥር ደቂቃ ሙሉ! ቀና ልትል ትሞክራለች፣ መልሳ ትሰበራለች። ከዚያ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። ሁለት ልምምድ ቀረች።

ዛሬ አባቷ ሜዳው ድረስ መጡ። አቶ በከር ቁጡ ሰው አይደሉም፤ ቁጡ ቢሆኑ እንዴት በተገላገልኩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው «ቲቸር፣ ልጄ ምን አጥፍታ ነው? ‹መምህሬን አፍጥጬ እንዳይ ታዘዝኩ› ብላ ስታለቅስ ከረመች። እኛ ቤት ታላቅን ማፍጠጥ አላስተማርናትም። አጥፍታ ከሆነ በሌላ ይቅጧት» አሉኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። «አላጠፋችም» አልኳቸው። ሄዱ።

ወንፊትን ከየት እንዳመጣሽው አስቢ ብለውኛል። አስቤአለሁ። ከእርስዎ ነው ያመጣሁት። በ2006 ዓ.ም. ለውድድር ወደ ባሕር ዳር ልንሄድ ሦስት ቀን ሲቀረን እርስዎ ወረወሩልኝ፣ እኔ ጣልኩ። እንደገና ወረወሩ፣ ጣልኩ። «ይቺ ወንፊት ናት» ብለው ስሜን ሰረዙት። አውቶቡሱ ሲሄድ ሜክሲኮ አደባባይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ጓደኞቼ ሲወረውሩልኝ እንደምይዝ ማንም አልጠየቀኝም። እርስዎም አልጠየቁኝም። ሦስት ዓመት ሲያሰለጥኑኝ ፊትዎን ያየሁት ይመስልዎታል? ጫማዎን ነው የማውቀው። ቡናማ ነበር፤ የግራው ክር ጥቁር፣ የቀኙ ነጭ።

ይህን ጽፌ ልቅደደው ብዬ ነበር። አልቀድደውም። አሥር ቀን ቀርቷል፣ ልጅቷም የለችም።

ኬብሮን


ድሬዳዋ
መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኬብሮን፣

ደገፋ ደብዳቤሽን ሲያደርስልኝ ዓብዱልሰላም ነበር ያነበበልኝ። መሃል ላይ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ «ጮክ ብለህ አንብብ» አልኩት። ሁለት ጊዜ አስነበብኩት።

የትኛው እጅ ላልሽው፣ ቀኙ ነው። ጥቅምት ውስጥ ጠዋት ስነሳ ግማሽ ጎኔ የእኔ አልነበረም። ስትሮክ ነው አሉ። እግሬ ተመልሷል፣ በከዘራ እሄዳለሁ። ቀኝ እጄ ግን ተንጠልጥሎ ቀረ። አፌም ተንጋዷል፤ ስናገር እንደ ሰከረ ሰው ነኝ። ስልክ የማላነሳው ለዚህ ነው። ሠላሳ ዓመት በድምፄ ሜዳ ሳንቀጠቅጥ ኖሬ አሁን «አሎ» ማለት አቅቶኝ እንድትሰሚኝ አልፈለግሁም። ሰው ሲያገኘኝ ለሰላምታ የምዘረጋው ግራዬን ነው። ዳቦ በግራዬ፣ ውኃ በግራዬ። ለእያንዳንዱ «ይቅርታ፣ በግራዬ ነው፣ ይቅርታ» ስል ውዬ ስለሚደክመኝ ከቤት መውጣት ትቼአለሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ፤ ለአንቺ ስለ እጅ ምክር እየላክሁ።

2006ን አስታውሰዋለሁ። ሁለተኛውን ኳስ ስትጥዪ «እንዴ፣ ይቺ ልጅ ትናንት ስትይዝ አልነበር?» ብዬ አስቤ ነበር። አሰብሁና ተውሁት፤ ከኋላዬ ስንት ልጅ ቆሟል፣ ቀኑ መሽቷል፣ ተናድጃለሁ። ስም መሰረዝ ከመጠየቅ ይቀላል። በድዬሻለሁ። ይህን ለማለት አሥራ አንድ ዓመት ፈጀብኝ፤ እሱንም በሰው እጅ አጻፍሁት። ዓብዱልሰላም እያለቀሰ ነው፣ ወረቀቱን እንዳያበላሸው እየተቆጣሁት ነው።

ልጅቷን ቀና በይ አትበያት። እኔ ስንት ዓመት «ቀና በሉ» ብዬ ጮኼ ማንም ቀና አላለልኝም፤ የጮኽሁ ቁጥር ይበልጥ ነው የሚያቀረቅሩት። የቤቷን ሥርዓት አንቺ አላቆምሽውም፣ አንቺም አታፈርሽውም። መጀመሪያ አባቷ ዘንድ ሂጂ። ከዚያ መሬት ቁጭ በይ። ከእሷ በታች ሁኚ። ሌላውን ራስሽ ታገኚዋለሽ፤ እኔ ከዚህ በላይ አላውቅም።

ህሩይ


ልደታ
መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ህሩይ፣

ማልቀሴን አልጽፍልዎትም። ስለ ጤናዎ አትጠይቂ ብለውኛል፤ በአፌ እጠይቅዎታለሁ፤ የት እና መቼ እንደሆነ ከታች እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ የትናንቱን ፈተና ልንገርዎት፤ ልቤ እስካሁን አልተመለሰም።

ለዒድ አቶ በከር ቤት ሄድኩ። ሁዳዴ ላይ መሆኔን ሲያውቁ ባለቤታቸው በአፍታ ጎመን ክሽን አድርገው አቀረቡልኝ። አሚራ እጅ አስታጠበችኝ፤ ዓይኗ ሳህኑ ላይ። እዚያው ቤተሰቡ ፊት «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጃችሁ በጨዋነቷ ነው የተቀጣችው» ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። አባትየው «ነገ ትመጣለች» ብቻ አሉኝ።

መጣች። መሬት ቁጭ በይ ብለውኝ አልነበር? ሰንጋ ተራ ከሚሠራው ፎቅ ሥር አምስት ጠጠር ለቅሜ ሜዳው ዳር አቧራው ላይ ዘርፈጥ አልኩ። «ነይ፣ ቅልብልቦሽ እንጫወት» አልኳት። ደነገጠች። ተቀመጠች። መጀመሪያ እያፈረች ነበር፤ ሁለተኛው ዙር ላይ መርታት ጀመረች። ሦስተኛው ላይ መንካት የሌለብኝን ጠጠር ነክቼ ዝም ስል «ቲቸር ነክተዋል! ኧረ ነክተዋል! አይካዱ!» ብላ ዓይኔን አፍጥጣ አየችኝ። ትርፌ በሳቅ ወደቀች። የዚያን ጊዜ ሳልነሳ ኳሱን ወረወርኩላት። ያዘችው። ተቀምጬ ሃያ፣ ተንበርክኬ ሃያ፣ በመጨረሻ ቆሜ አርባ። ከአርባው የጣለችው ሦስት! በአራት ቀን! ደብተሩን መሳም ነበር የቀረኝ።

ትናንት ፈተናው ደረሰ። ደንቡ አሥር ኳስ ተወርውሮላት ሰባት የያዘች ታልፋለች ነው። የምወረውረው እኔ እንደምሆን ነበር የነገሩኝ። ከቢሮው የመጡት አቶ ሰላሁን ግን ኮታቸውን አወለቁና «አሰልጣኝዋ ለልጆቿ ልታዳላ ስለምትችል እኔ ራሴ ነኝ የምወረውረው» አሉ። ጋሽ ህሩይ፣ ፀጉራቸው ጥጥ ነው! ከረባት አላቸው! ስድሳ ዓመት ቢሆናቸው ነው! እኔን የመሰለች ወጣት ስትወረውር አንገቷን የምትሰብር ልጅ ለእኚህ ሽማግሌ ምን ልትሆን ነው? ሄጄ ላስረዳ ብል «ቁጭ በይ» ተባልኩ።

የመጀመሪያው ተወረወረ። እጥፍ፣ ዝቅ፣ ዱብ። ወንዶቹ «ፓፓያው!» አሉ። ሁለተኛው፣ ዱብ። አባትየው ሱቃቸውን ዘግተው ሜዳው ዳር ካለው የውኃ ቱቦ አጠገብ ቆመዋል፤ ወደ እሳቸው ማየት ፈራሁ።

ሦስተኛው ሊወረወር ሲል አሚራ እጇን አወጣች። ከመስመሩ ወጥታ ወደ አቶ ሰላሁን ሮጠች። አለቀላት፣ ተስፋ ቆረጠች አልኩ። ፊታቸው ደርሳ እጥፍ አለችና «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኳሱን እንድይዝ ዓይን ዓይንዎን ልመለከት ነው» አለቻቸው።

ሰውየው ግራ ገባቸው። ከዚያ ሳቁ። «እይኝ ልጄ፣ እይኝ፣ ተፈቅዶልሻል» አሉ።

ተመልሳ ቆመች። ቀና አለች። ሦስተኛውን ያዘች። አራተኛውን፣ አምስተኛውን ያዘች። ዘጠነኛው እየተወላገደ ከጭንቅላቷ በላይ ሄደ፤ ዘልላ በጣቷ ጫፍ አወረደችው፣ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው። ሰባት! አሥረኛውን ጣለችው፤ በደስታ ነው መሰለኝ፣ ምን ቸገረኝ? ወንዶቹ ራሳቸው አጨበጨቡ።

ስሟ ዘጠነኛ ላይ ተጽፏል። አቶ በከር ጠጋ ብለውኝ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ይቅርታ ጠይቃ ነው ያየቻቸው?» አሉኝ። «አዎ» ስል ራሳቸውን ነቅንቀው ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሄዱ።

ሁሉ ተሳካ ብዬ እንዳላታልልዎት፦ ከሁሉም አሳምራ የምትወረውረው ልጅ ቁርጭምጭሚቷ ዞሮባታል፣ ሐሙስ ሜዳውን ለእግር ኳሱ ነጥቀውናል፣ የፓስፖርቱ ጣጣ ደግሞ ገና አልተጀመረም። ነገ ተነስቼ እንደገና እናደዳለሁ።

አሁን ወደ እርስዎ። አሚራ አንድ ጊዜ ይቅርታ አለች፣ ከዚያ ሰባት ያዘች። እርስዎ ለግራ እጅዎ ስንት ሺህ ጊዜ ይቅርታ ሊጠይቁ ነው? ቆዳው የተላጠ አንድ አሮጌ ኳስ በደገፋ ልኬልዎታለሁ። ዓብዱልሰላም ይወርውርልዎት። በግራም ይቀለባል። ይያዙና ደብተር ላይ ይጻፉ።

«በድዬሻለሁ» ያሉኝን በሰው እጅ ጽሑፍም ቢሆን ተቀብያለሁ። ለፋሲካ እመጣለሁ። እምቢ እንዳይሉኝ፣ ትኬት ቆርጬአለሁ።

ኬብሮን


ድሬዳዋ
ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኬብሮን፣

ይህ የእኔ ጽሑፍ ነው። በግራ ነው። አራት ቀን ፈጀ። ዓብዱልሰላም ላግዝ ሲል አባረርሁት።

ፓፓያሽ ደርሷል። ዓብዱልሰላም ሲወረውር ለጉድ ነው፣ የጎረቤት ዶሮ ሁለት ጊዜ መትቷል። ትናንት ከሃያው አራቱን ያዝሁ። ወንፊት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ባለሱቁን አንዴ ይቅርታ አልሁት። በግራዬ ተቀብዬ መጣሁ።

ለፋሲካ ነይ። መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ። ያ ቡናማ ጫማ ድሮ አልቋል፤ በጫማ ብትፈልጊኝ አታገኚኝም። ፊቴ ወደ ግራ ተጣሟል፣ አትደንግጪ።

ቀና ብለሽ እይኝ።

ህሩይ